ባያን-ኦልጊ ስትሄዱ ሦስቱንም ስማችሁን አስጽፉ

ይህን የምጽፈው ከእኔ በፊት በምዕራብ ሞንጎሊያ ወዳለችው ባያን-ኦልጊ የሄደ አንድ ሐበሻ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይተርፈኝ ስለነበር ነው። ከመነሳቴ በፊት በአማርኛ ብፈልግ አንድ መስመር አላገኘሁም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሞልቷል፤ ጸሐፊዎቹ ግን የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ እኔን ያንገላታኝ ነገር እነሱን አልነካቸውም።

መንገዱን ባጭሩ ልጨርሰው። የምማረው ቻይና ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴም በአርብቶ አደሮች የግጦሽ ዝውውር ላይ ነው። ቪዛ አወጣሁ፣ በኤርሊያን በኩል በባቡር ገባሁ። ድንበሩ ላይ ፉርጎዎቹን ወደ ላይ አንስተው ጎማቸውን ይቀይራሉ፤ የቻይና ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የሞንጎሊያው 1,520 ነውና። ሰዓታት ይፈጃል፣ ተኙበት። ከዋና ከተማው ከኡላንባታር እስከ ክፍለ ሀገሯ መቀመጫ ኦልጊ ከተማ በመኪና ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አውሮፕላን ያዙ። ስታርፉ ሰዓታችሁን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ። ይህችን አንድ ሰዓት አትናቋት፤ ኦልጊ ላይ ሆናችሁ ዋና ከተማው ያለ ቢሮ ስትደውሉ እናንተ ጋ ገና ሥራ ሳይወጣ እነሱ ዘግተው ሄደዋል።

ባያን-ኦልጊ አይማግ ከሚባሉት 21 የሞንጎሊያ ክፍለ ሀገሮች በምዕራብ ጫፍ ያለችው ናት። በሰሜን ከሩሲያ፣ በምዕራብና በደቡብ ከቻይና ትዋሰናለች። ከካዛክስታን ጋር ግን አትዋሰንም፤ የሩሲያና የቻይና መሬት በመሀል ገብቶ ለጥቂት ይለያቸዋል። ይህን የማነሳው ከነዋሪዋ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ካዛክ ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ የከረይና የናይማን ጎሳዎች ናቸው፤ አባቶቻቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአልታይን ተራሮች ተሻግረው ለግጦሽ መጡ፣ በዚያው ቀሩ። ክፍለ ሀገሯም እ.ኤ.አ. በ1940 ስትመሠረት ለእነሱ ተብላ ነው። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ካዛክስታን ሄደዋል፤ ከፊሎቹ ተመልሰዋል። በገባሁበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ እዚያ የቀረ ወንድም ወይም ከዚያ የተመለሰ አጎት ነበረ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ፣ ከኾቭድ ወንዝ ዳር ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ደረቅና ቡናማ ተራራ ነው፤ ልምላሜ የምታዩት ወንዙ ባለፈበት ብቻ። ኾቭድ ከአልታይ የበረዶ ግግር ተነስቶ፣ እንደ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ፣ በምሥራቅ በኩል ኻር-ኡስ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ሰውም ከብቱም ሕይወቱን የሠራው በዚህ ውሃ ዙሪያ ነው።

አሁን ወዳንገላታኝ ነገር፣ ወደ ድንበር ፈቃዱ ልምጣ።

የክፍለ ሀገሯ እጅግ ውብ ክፍል ያለው ድንበሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተከለለው የአልታይ ታቫን ቦግድ ብሔራዊ ፓርክ፣ በሞንጎሊያ ከፍተኛ የሆነው የ4,374 ሜትሩ ኹይተን፣ የፖታኒን የበረዶ ግግር፣ ኾቶንና ኹርጋን ሐይቆች፣ ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የድንጋይ ላይ ሥዕሎች፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። የውጭ አገር ሰው ወደ ድንበሩ ቀጠና የሚገባው በድንበር ፈቃድ ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ ከተማ ተቀምጦ ተራራውን ከሩቅ ማየት ብቻ ነው። የሚነገራችሁ ምክር አንድ ነው፦ ኡላንባታር ካለ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ሁሉንም አስቀድማችሁ ጨርሱ። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ኡላንባታር ላይ ለዚህ ጉዳይ አምስት ሳንቲም አትክፈሉ።

እኔ ሙሉውን ከፍዬ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት «ኦልጊ ስትደርስ ፈቃዱ ይጠብቅሃል» አለኝ። የፓስፖርቴን ፎቶ ላክሁላቸው። ጸሐፊዋ መልሳ የአባቴን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ኦልጊ ስደርስ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ሲያመላልሱኝ ቆይተው በመጨረሻ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ሊዘጋ ሲል፣ በሲሪሊክ ፊደል የተጻፈ አንድ ገጽ ለሹፌሩ አቀበሉት። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ፉርጎን በሚሏት አሮጌ የሩሲያ መኪና ተነሳን። ሳግሳይን አለፍን፣ ጨንገልን አለፍን፣ ከሐይቆቹ በፊት ካለው የወታደር ኬላ ደረስን።

መኮንኑ ወረቀቱንና ፓስፖርቴን ጎን ለጎን አድርጎ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደ። ቀና ብሎ አየኝና ለሹፌሩ «ይህ ሰው ወረቀቱ ላይ የለም» አለው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሞንጎሊያዊም እንደ እኛ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፤ ልዩነቱ እነሱ የአባትን ስም ያስቀድማሉ፣ የራስን ያስከትላሉ። ቅጻቸው የተሠራው በዚህ ልክ ነው። ጸሐፊዋ ፓስፖርቴን ትታ በአገሯ ልማድ የአባቴን ስም ፊት፣ የእኔን ኋላ ጻፈች፤ የአያቴን ስም ጭራሽ አወጣችው። ፓስፖርቴ ላይ ደግሞ በቤተሰብ ስም ቦታ የተቀመጠው የአያቴ ስም ነው። እናም አበበ ከበደ ወልዴ የሚባል ሰው ቢሆን፣ ፓስፖርቱ «ወልዴ» ብሎ ሲጀምር ወረቀቱ «ከበደ አበበ» ይላል ማለት ነው። ለማያውቀው ሰው በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ ወረቀቱ የፈቀደው በሰሜን በኩል ያለውን የጻጋን ጎል ሸለቆ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የከፈልኩበት ጉዞ ዋናው መዳረሻ የነበሩት ሐይቆች አልተጻፉም።

ሹፌሩ ለመነ። እኔ በእጄ፣ በወረቀት፣ በሥዕል ሳይቀር አስረዳሁ፦ ይህ እኔ፣ ይህ አባቴ፣ ይህ አያቴ። መኮንኑ አልተቆጣም፣ አልተሳደበም፤ ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ። ሕጉን እንደጠበቀ አውቃለሁ። ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ነገር አለ፦ ሰው በአባቱ ስም እንደሚጠራ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ለሞንጎሊያዊ ማስረዳት ይቸግረኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ወደ ድርጅቱ ብንደውል ከስንት ጊዜ በኋላ ጸሐፊዋ አነሳችና «ያስገባነው አንተ የሰጠኸንን ስም ነው» አለች። ፓስፖርቴን የላክሁበት መልእክት እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ሦስቱም ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ቅዳሜ ነበርና የሚያስተካክል ቢሮ የለም። ወደ ጨንገል ተመለስን፣ ሹፌሩ ዘመዶቹ ቤት ወሰደኝ። የካዛክ ቤት ጌር ከሚባለው የሞንጎሎቹ ተነቃይ ክብ ድንኳን ይበልጣል፤ ቁመቱም ይረዝማል፣ መሀሉን የሚደግፉ ሁለቱ ምሰሶዎች የሉትም። ግድግዳው ዙሪያውን ሴቶቹ በእጃቸው በጠለፉት ጨርቅ ተሸፍኗል። እንግዳ የሚቀመጠው ከበሩ ትይዩ፣ ከቤቱ ጥግ ነው። ጨው ያለበት የወተት ሻይና ባውርሳክ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ቀረበ፤ ቀጥሎ በግ።

የቤቱ አባወራ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ከሹፌሩ ሰሙና ወደ እኔ ዞረው ስሜን ጠየቁኝ። ቀጥለው የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን። እያንዳንዱን ስጠራ ጣታቸውን ያጥፋሉ። አያቴ በልጅነቴ እስከ ሰባት ቤት አስቆጥራኝ ስለነበር ሳልደናቀፍ ሰባተኛው ድረስ ሄድኩ። ሽማግሌው ብድግ ብለው አቀፉኝ! ካዛክ ልጁን ሰባት አባቶቹን ያስጠናዋል፤ በሰባት ትውልድ ውስጥ የሚገናኙ ወንድና ሴት አይጋቡም። የእኛም አገር እንደዚያ እንደሆነ ስነግራቸው የራሳቸውን ሰባት በተራቸው ቆጠሩልኝ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አስጠርተው በሞንጎልኛ አንድ ወረቀት አስጻፉ፦ የዚህ ሰው አገር ሕዝብ የቤተሰብ ስም የለውም፣ መጀመሪያ የራሱ፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎ የአያቱ ስም ነው፣ ሦስቱም በፓስፖርቱ ላይ አሉ የሚል። ዋና ከተማ ያለው ድርጅት በሳምንታት ያልገባውን ነገር እኒህ ሰው በአንድ ሻይ ጨረሱት።

ያንን ምሽት ስለ ጎረቤቶቻቸውም ጠየቅኋቸው፤ ባያን-ኦልጊ የካዛክ ብቻ አይደለችምና። ጨንገል ውስጥ ቱቫዎች አሉ፣ ቋንቋቸው ለካዛክኛ የሩቅ ዘመድ ነው፣ እምነታቸው ግን እንደ ካዛኮቹ እስልምና አይደለም። ኡሪያንኻይና ዶርቮድ የሚባሉ ሞንጎሎችም አሉ፤ ኡሪያንኻዮቹ ከጉሮሯቸው ሁለት ድምፅ ባንዴ በሚያወጣ ዜማቸው ይታወቃሉ። ሽማግሌው ስለ ግጦሽ የነገሩኝን በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፈዋለሁ። አንዱን ብቻ ልጥቀስ፦ ዙድ የሚሉት መዓት አለ። በጋው በድርቅ ካለፈ በኋላ ብርዱ ይበረታና በረዶው ሣሩን ቆልፎ ይይዘዋል፤ ከብቱ ቆሞ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻና በ2010 መጀመሪያ በሞንጎሊያ በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ ያለቀው እንዲህ ነው። ጥናት የምትሠሩ ከሆነ ስለ ከብት ብዛት በመጀመሪያ ቀን አትጠይቁ። የሞተውን አስታውሰው ነው የሚመልሱላችሁ።

ሰኞ ኦልጊ ላይ አንዲት የከተማዋ ልጅ የሆነች አስጎብኚ አገኘሁ። ቅጹን ከፊቴ አስቀምጣ ሞላችው፤ እኔ ከጎኗ ሆኜ ፊደል በፊደል አየሁት። ሦስቱ ስም በፓስፖርቱ ቅደም ተከተል ገባ፣ የምሄድባቸው ቦታዎች እያንዳንዳቸው በስማቸው ተዘረዘሩ፣ የሽማግሌው ወረቀት ተያያዘ። ከሰዓት በኋላ ፈቃዱ እጄ ገባ። የጠየቀችኝ ክፍያ ለድርጅቱ ከከፈልኩት ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። ድርጅቱ በተቃራኒው የጠፉትን ቀናት የመኪና ኪራይ ድጋሚ አስከፈለኝ፤ ገንዘቤን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ያው መኮንን ኬላው ላይ ነበር። አነበበ፣ ማኅተም መታ፣ አሳለፈን።

ኾቶንና ኹርጋን በአጭር መተላለፊያ የተገናኙ ሐይቆች ናቸው፤ ከባሻገራቸው የላርች ደን፣ ከደኑ በላይ የቻይና ድንበር። ከኾቶን ምዕራብ ጫፍ አራል ቶልጎይ የምትባል ኮረብታ አለች። አለቶቿ ላይ በጣም ጥንታዊ የሆኑት ሥዕሎች ትላልቅ የዱር እንስሳት ናቸው። በሌሎቹ የአልታይ ሸለቆዎች ካሉት አለቶች ጋር ስትደመር የሺህ ዓመታት ታሪክ ይነበባል፤ መጀመሪያ አዳኝ፣ ቀጥሎ ከብት አርቢ፣ ቀጥሎ በፈረስ የሚንቀሳቀስ ዘላን። ለጥናቴ ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም። በዚያ በመጀመሪያው ወረቀት ብቆይ ኖሮ ሳላየው እመለስ እንደነበር ሳስብ ንዴቱ እንደገና ይነሳብኛል።

ሌላ የምቃወመው ምክር የንስር በዓሉን ነው። ሁሉም በፈረንጆች ጥቅምት መጀመሪያ ኦልጊ ለሚደረገው የንስር አዳኞች በዓል ሂዱ ይላል። ፎቶ ከፈለጋችሁ ሂዱ። ሰውን ማወቅ የምትፈልጉ ግን በዚያው አቆጣጠር በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ቤተሰቡ ከበጋ ግጦሽ ወደ መጸው ግጦሽ ሲወርድ ሂዱ፤ ቤት ሲፈታ፣ ባለ ሁለት ሻኛ ግመል ላይ ሲጫን ታያላችሁ፣ ካላፈራችሁ ታግዛላችሁ። የንስር አደኑ ራሱ የሚደምቀው በረዶ ከወረደ በኋላ ነው፣ የቀበሮው ጸጉር ሲወፍር። የሚያሠለጥኗቸው ንስሮች ሴቶቹ ናቸው፣ ከወንዶቹ ስለሚገዝፉ፤ ከዓመታት አደን በኋላ ወደ ዱር ይለቋቸዋል። ይህን ሁሉ የበዓሉ ሜዳ ላይ አይነግሯችሁም፤ ቤት ውስጥ ግን ማውራት አይሰለቻቸውም። ቤት ስትገቡ «አሰላም አለይኩም» በሉ። በሞንጎልኛ ሰላም ካላችሁ በትሕትና ይመልሱላችኋል፤ ጨዋታው ግን እዚያው ያበቃል።

ፈቃዱ የሚወጣው በሥራ ቀን ብቻ ስለሆነ ኦልጊ ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንድትገቡ አድርጉ። ከሐምሌ 11 እስከ 13 በፈረንጆች አቆጣጠር የናዳም በዓል ነው፤ ያኔ አገሩ ሁሉ ዝግ ነው። ካዛኮቹ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር መጋቢት 22 አዲስ ዓመታቸውን ናውሪዝን ያከብራሉ፤ በዚያ ሰሞን ለእንግድነት እንጂ ለጉዳይ አትሂዱ። ከኦልጊ ስትወጡ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ የፈቃዱን ቅጂ አንዱን ለሹፌሩ ስጡ፣ ዋናውን ከፓስፖርታችሁ ጋር ራሳችሁ ያዙ። የቻይና ተማሪዎች ከሆናችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ መመለሻችሁ ድረስ እንደሚቆይ ሳትነሱ አረጋግጡ።