ካሜራዬን ከጎንደር በቴሌግራም የሸጥኩበት መንገድ

የካቲት 2017 ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ጥምቀት ያነሳሁበትን ካሜራ ለመሸጥ ወሰንኩ። ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ፎር ነው። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ፣ 30 ሜጋፒክስል የሚያነሳ፣ የማይከዳ ዕቃ። አሁን ግን ሙሽሮች ከፎቶው እኩል ቪዲዮ ይፈልጋሉ፤ እኔም ወደ ሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት ወደሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት፣ መዞር ነበረብኝ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የካሜራ ዋጋ አይቀመስም። ለአዲሱ መግዣ ያለኝ ይኸው አሮጌው ብቻ ነበር። እሱን ከተበላሁ ሥራዬም አብሮ ተበላ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት አሜሪካ ላለው ታላቅ ወንድሜ ልኬ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ እንዲሸጥልኝ ነበር። ደውዬ ሳማክረው ቁጭ ብለን አሰላነው። ኢቤይ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ ከሻጩ 13 በመቶ ያህል ይወስዳል። የሚቆርጠው ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። ገዢው ለመላኪያና ለታክስ የከፈለውም ተደምሮ ነው። ገዢው «እንደተባለው አይደለም» ካለ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን የሚያገኝበት መንገድም አለ። በ160 ሺህ ብር ስናሰላው ከ20 ሺህ በላይ ለክፍያ ብቻ ይሄዳል። «ተወው፣ እዚያው ሽጠው» አለኝ።

እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አንድ ደላላ 5 በመቶ ጠየቀኝ፤ 8 ሺህ ብር ማለት ነው። ያኔ በዛብኝ። ሁለት የቴሌግራም ቻናሎች ላይ እያንዳንዳቸው 400 ብር ከፍዬ አስለጠፍኩ። ከመለጠፌ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ማስታወቂያውን፣ ትራንስፖርቱን፣ የሚባክነውን የሥራ ቀን ሁሉ ደምሬ «ከ155 ሺህ በታች አልሸጥም» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። የለጠፍኩት በ165 ሺህ ነው። «የመጨረሻ ስንት?» የሚለው መልእክት በሰዓት አሥር ጊዜ ሲመጣ፣ የተጻፈ ቁጥር ከሌለህ ሳታስበው ትወርዳለህ።

ጉድለቱን አልደበቅኩም። ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ በፕሮግራም ሳስነብበው ሸተሩ፣ ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ 92 ሺህ ጊዜ ተመትቷል። ካኖን ለዚህ ሞዴል ሸተር ዕድሜ የሰጠው ግምት 150 ሺህ ነው። ይህንንም፣ ከታች በኩል ያለውን ጭረትም ጻፍኩ። ብዙ ጠያቂ ያን ጊዜ ጠፋ። የቀሩት ግን የምር የሚገዙት ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጓደኛዬ ሌላ ቻናል ላይ የራሴን ፎቶ አሳየኝ። የእኔው ካሜራ፣ የእኔው ጠረጴዛ ልብስ፣ በ90 ሺህ ብር፣ በማላውቀው ስልክ! ቀብድ ላክ እያሉ ሰው ሊበሉበት። በጣም ነበር ያናደደኝ። ፎቶዎቹን አስጠፍቼ እንደገና አነሳሁ፤ አጠገቡ ስሜንና ቀኑን የጻፍኩበት ወረቀት አስቀመጥኩ። የሴሪያል ቁጥሩንም መጨረሻውን በጣቴ ሸፈንኩት። ሙሉውን የማሳየው በቪዲዮ ጥሪ ለሚያናግረኝ ገዢ ብቻ ሆነ። ገዢም እኮ ይፈራል፤ ለማያውቀው ሰው ብዙ ብር ሊልክ ነው።

ከዚያ ሰኞ የካቲት 17 መጣ። አዲስ አበባ ነኝ ያለ ሰው ሳይከራከር በ165 ሺህ ተስማማ። ያለመከራከሩ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። «ወንድምዬ ልኬልሃለሁ፣ አውቶብስ ሊወጣ ነው፣ አሁኑኑ ለሾፌሩ ስጥልኝ» ብሎ የንግድ ባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ላከልኝ። ስሜ ልክ ነው፣ አካውንቴ ልክ ነው። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በሩ ጋ ደርሼ ነበር።

ቆም አልኩና ደረሰኙን አጉልቼ አየሁት። የንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር ኤፍቲ ብሎ ይጀምራል። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጁ ዓመት ናቸው፤ ከዚያ ያሉት ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። የካቲት 17 በፈረንጁ ፌብሩዋሪ 24 ነበር፣ 55ኛው ቀን። የእሱ ደረሰኝ ግን 25031 ይላል። ጃንዋሪ 31 ማለት ነው! የቆየ ደረሰኝ ላይ ስምና ቀን ቀይረውበታል። ዳታው እየሄደ እየመጣ ስለነበር በ*889# ሒሳቤን አየሁ። አንድም ብር አልገባም። «አልደረሰኝም» ስለው ተሳደበና ብሎክ አደረገኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ።

ይህን ቁጥር ማየት የሚረዳው ግልጽ ውሸትን ቶሎ ለመያዝ ነው። ጎበዝ አጭበርባሪ ቁጥሩንም ያስተካክላል። ስክሪንሾትም ሆነ ከባንክ የመጣ የሚመስል ኤስኤምኤስ ገንዘብ አይደለም። ብሩ በራሴ አካውንት ውስጥ፣ በራሴ ስልክ፣ እኔው ከፍቼ ሳየው ነው የተከፈለኝ። አንድ የማውቀው ላፕቶፕ ሻጭ ደግሞ በሌላ በኩል ተበልቷል። ገዢው «በስህተት 20 ሺህ ጨምሬ ልኬያለሁ፣ በዚህ ቁጥር መልስልኝ» አለው፤ ሳያረጋግጥ መለሰ። እውነት ትርፍ ከገባ ወደመጣበት አካውንት በባንኩ በኩል ይመለሳል እንጂ ወደ ሌላ ቁጥር አይላክም።

በመጨረሻ የገዛኝ የደባርቅ ልጅ ነው። ሰሜን ተራሮችን የሚያነሳ ወጣት። ቀብድ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ፒያሳ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ በጠዋት ተቀጣጠርን። በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት አንድ ቀን አርፍዶ መጣ፤ እኔም የአንድ ቀን ሥራ ሰረዝኩ። ፋሲል ግቢ አጥር ጋ ወጥተን ግማሽ ሰዓት አስሞከርኩት። ግንቡን አነሳ፣ አጎላ፣ ሸተሩን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። 158 ሺህ ላይ ተጨባበጥን። የሞባይሉ የቀን ገደብ አላስተላልፍ ስላለ በመስኮት አዘዋወረልኝ፤ የማስተላለፊያውን እሱ ከፈለ።

ብሩ መግባቱን አይቼ ነው ካሜራውን ያስረከብኩት። ሁለት ቅጂ የሽያጭ ውል ጻፍን፦ የሁለታችን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የካሜራው ሙሉ ሴሪያል፣ ዋጋው፣ የሸተሩ ብዛት፣ ሁለት ምስክር። ነገ ካሜራው ተሰርቆ ሌላ ሰው እጅ ቢገኝ የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት እሱ ነው።

ሁሉንም ስደምር ወጪዬ ማስታወቂያው 800 ብር፣ ባጃጁ፣ ኮፒውና አንድ የጠፋ የሥራ ቀን ነው። ደላላው ከጠየቀኝ 8 ሺህ በታች ነው። ሆኖም አሁን ሳስበው፣ ጊዜ ለሌለው ሰው የሚታመን ደላላ ያን ያህል ውድ አይደለም። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ ላይ ነው ያለፈኝ።

በሳምንቱ ልጁ የመጀመሪያውን ፎቶ ላከልኝ፤ ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠ ጭላዳ። ሌንሱ ገና እኔ ጋ ነው። ከፋሲካ በኋላ ልለጥፈው ነው፤ አሁን በእጅ ባትሪ ውስጡን እያየሁ ሻጋታ እየፈለግኩ ነው።