የቴርማሉ ባትሪ ያለቀብኝ ሌሊት

ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሆን ነው፣ ፒካፑ ላይ ተደግፌ በቴርማል ስኮፑ፣ ጠመንጃዬ ላይ በተገጠመው ሙቀት በሚያሳየው መነጽር፣ እያየሁ ነበር። ካዮቲው ከበረቱ 80 ሜትር ገደማ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ፍየሎቹ ቀስሮ ያሸታል። ጆሮው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ጣቴን ወደ ምላጩ ሳስጠጋ ስክሪኑ ድርግም አለ። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት፣ ትንሽ በራና መልሶ ጠፋ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የግልገሏ ጩኸት ተሰማኝ፣ አንዴ ብቻ። በእጅ ባትሪ እየሮጥኩ ስደርስ ሽቦው ላይ የቀረ ፀጉር ነው ያገኘሁት። ከተወለደች ገና 3 ቀኗ ነበር፣ ጠዋት ልጄ ስም አውጥታላት ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ከዳላስ በስተምሥራቅ ትንሽ መሬት ገዝተን ከባለቤቴ ጋር ፍየል እናረባለን፣ ቀን ቀን ትራክ እነዳለሁ። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ሐበሾች ናቸው፣ ለገና ለፋሲካ ለመስቀል፣ ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ ለዓረፋ፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ሽንጡን ዳብሰው ጥርሱን አይተው ይመርጣሉ፣ ያንን ቀን ሳይ ድካሜ ሁሉ ይጠፋል። ካዮቲ ማለት ደግሞ ከቀበሮ ተለቅ ከተኩላ አነስ ያለ አውሬ ነው፣ ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ቀበሮ ነዋ» ብላ ዘጋችው። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ የሚጠቃቁበት ጊዜ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃሉ፣ የኛ ፍየሎች ደግሞ የሚወልዱት በዚያው ሰሞን ነው። ቴክሳስ ውስጥ በግል መሬት ላይ ካዮቲን ማታ ማደን ይፈቀዳል፣ ሌላ ስቴት ያላችሁ ግን ሕጉ ስለሚለያይ መጀመሪያ አጣሩ።

ወደ ባትሪው ልመለስ። የዚያን ሌሊት ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። ከማታው 4 ሰዓት ጀምሮ ስኮፑን አላጠፋሁትም፣ ሜዳውን የምቃኘውም በዚያው በመሳሪያው ስኮፕ ነበር፣ ብርሃኑ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቪዲዮው ይቀዳል፣ ዋይፋዩም ክፍት ነው፣ ለምን እንደከፈትኩት እንኳ አላስታውስም። በዚያ ላይ ባትሪዎቹ ከኦንላይን በርካሽ የገዛኋቸው ነበሩ፣ 9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዛሉ የሚል ተለጥፎባቸዋል፣ ያ ቁጥር ውሸት ነው ወገኖቼ፣ 18650 የሚባለው መጠን ባትሪ ደህናው የሚይዘው 3500 ገደማ ነው። ብርዱ ደግሞ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ሊቲየም ሲቀዘቅዝ ኃይሉን አይለቅም፣ ስክሪኑ ላይ ግማሽ እያሳያችሁ ድንገት ይዘጋል፣ ቤት አስገብታችሁ ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይበራል። እኔም ጠዋት ኩሽና ውስጥ ሞከርኩት፣ በራ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ባለቤቴ ገባች።

አባቴ ገጠር እያለን ባትሪ ድንጋይ ሲደክምበት ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያሰጣው ነበር። ማታ ላይ ጅብ በረቱን ሲዞር ያቺው በፀሐይ የሞቀች ድንጋይ አንድ ሁለት ጊዜ ታበራለታለች፣ በቂው ነበር። ሊቲየምን ግን ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት፣ አደጋ አለው። እኔ አሁን የማደርገው ትርፎቹን ባትሪዎች በየፕላስቲክ ማስቀመጫቸው አድርጌ ከጃኬቴ በታች፣ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ደረቴ ላይ መያዝ ነው። ሲወጡ ሞቅ ያሉ ናቸው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ግን ኪስ ውስጥ በፍጹም አይገቡም፣ ጫፍና ጫፋቸው በብረት ከተገናኘ እሳት ነው። ቀዝቅዘው ከውጪ ሲገቡም ወዲያው ቻርጀር ላይ አይሰኩም፣ በረዶ የሆነ ሊቲየም ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ይበላሻል፣ ቤት ውስጥ ይረፉና ከዚያ።

ሌላውን ያስተማረኝ ጎረቤቴ ነው፣ 70ዎቹ ውስጥ ያሉ ሽማግሌ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያረቡ። መሳሪያህን እየጠቆምክ ሜዳ አትቃኝ አሉኝ፣ የምታየው ነገር ሰው ሊሆን ይችላል። እውነታቸውን ነው፣ እኔ ያኔ ያሰብኩት ስለ ባትሪ ብቻ ነበር። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ቴርማል ገዛሁ፣ ብርም አወጣሁበት፣ አይቆጨኝም። የምቃኘው በሱ ነው፣ ስኮፑ ስታንድባይ ላይ፣ ሳይጠፋ ተኝቶ፣ ያርፋል፣ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ አበራዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ካጠፋችሁት ተነስቶ እስኪያሳያችሁ ሰከንዶች ይፈጅና አውሬው ሄዷል። ብርሃኑን ዝቅ አደረግኩት፣ ይሄ ለባትሪ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ብርሃን ዓይናችሁን ያሳውርና ቀና ስትሉ ሜዳው ጥቁር ይሆንባችኋል። ዋይፋይ ዝግ፣ ቪዲዮ ዝግ። ባትሪዎቹን በማርከር ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፣ በተራ ነው የሚገቡት፣ የትኛው እየደከመ እንደሆነ እንዲህ ይለያል። ስክሪኑ ቀይ እስኪሆን አልጠብቅም፣ አንድ ሦስተኛ ሲቀር እቀይራለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ሲአር123 የሚባለው የማይሞላው ባትሪ ሁለቱ ሲገጠሙ ከአንድ 18650 ጋር ቁመታቸው ይቀራረባልና ስኮፑ ውስጥ ሊገቡላችሁ ይችላሉ፣ ግን ሁለቱ አንድ ላይ 6 ቮልት ናቸው፣ 18650ው ሙሉ ሲሆን እንኳ 4.2 ነው። የናንተ ስኮፕ ሁለቱንም ዓይነት የሚቀበል ካልሆነ ሊያቃጥለው ይችላል። መመሪያውን አንብቡ፣ ገባ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለመተኮስ ሲባል የመጣ እንዳይመስላችሁ። ማርች ላይ አንድ ሌሊት ከዛፎቹ ሥር ሙቅ ነገር ወጣ፣ አራት እግር፣ ወደ በረቱ በቀጥታ። በቴርማል ቀለም የለም፣ ሙቀት ብቻ ነው የሚታየው፣ ዙም ስታበዙት ደግሞ ምስሉ ይበታተናል። ፩ን አውጥቼ ከደረቴ ፪ን አስገባሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል ግን ጊዜ ነበረኝ። ምላጩን ሳልነካ አየሁት። ካዮቲ ሲሮጥ ጭራውን ወደ ታች ነው የሚይዘው፣ ይሄ ጭራውን ቀና አድርጎ ቆልምሞታል። አካሄዱም ከበድ ያለ ነው። ጠበቅኩ፣ ዞረ፣ ሰፊ ጭንቅላት። የሽማግሌው ነጭ ፒሬኒስ ውሻ ነው፣ በግ የሚጠብቀው። ባትሪው ያለቀብኝ ዓይነት ሌሊት ቢሆን ኖሮ፣ እንዳያመልጠኝ ስቸኩል፣ ምን እንደማደርግ ሳስበው እስከ አሁን ሆዴ ይገለበጣል።

ደወልኩላቸው። ቡትሳቸውን ባዶ እግራቸው ላይ አጥልቀው መጡ። ውሻው ከፍየሎቹ መሀል ተኝቶ አገኙት፣ ሊወስዱት ሲጎትቱት እምቢ አለ፣ ትንሽ አይተውት «ተወው ይደር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ይመጣል። እኔም ስወጣ በእጅ ቴርማሉ መጀመሪያ የምፈልገው እሱ የት እንደተኛ ነው፣ እሱን ሳላገኝ ስኮፑን ከስታንድባይ አላነሳም።