ጣሊያን የሚጠብቀው የሰርቦች ገዳም

ከፔያ ከተማ ተነስቶ ደቻን ለመድረስ አውቶቡሱ ብዙ አልፈጀበትም። ደቻን በምዕራብ ኮሶቮ የምትገኝ፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ሙስሊም አልባኒያውያን የሆኑ ትንሽ ከተማ ናት። ስለ ከተማዋ ብዙ የምለው የለኝም። ላየው የመጣሁት የሰርብ ኦርቶዶክሶች ገዳም ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የቢስትሪሳ ወንዝ ከተራራው በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ ነው።

በሩ ላይ ፓስፖርቴን የተቀበለኝ የጣሊያን ወታደር ነበር። በኔቶ የሚመራው ጦር ከ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጀምሮ አካባቢውን ይጠብቃል። የደብረ ሊባኖስን እልቂት እየሰማ ላደገ ሰው፣ ጣሊያን መነኮሳትን ሲጠብቅ ማየት ግር ይላል። ጥበቃው ግን ለይስሙላ አይደለም፤ በ2007 የተተኮሰ ሮኬት የገዳሙን አጥር መትቷል።

ቤተ ክርስቲያኑ ነጭና ቀላ ያለ እብነ በረድ በተራ እየተነባበረ የታነጸ ነው። ከውጭ ሲያዩት የሮም ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ምክንያቱ በደቡቡ በር ላይ ተጽፏል፦ ያነጸው ፍራ ቪታ የሚባል የኮቶር ከተማ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ነው፤ ስምንት ዓመት ፈጅቶ በ1335 ተጠናቀቀ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ኦርቶዶክሳዊው የሰርቦች ንጉሥ ስቴፋን ካቶሊክ መሐንዲስ መቅጠሩ በዚያ ዘመን ያስነወረው አይመስልም።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ከወለል እስከ ጉልላት ሥዕል ያልነካው ቦታ የለም። የዓመቱ ቀናት ሁሉ በየቅዱሳናቸው ተስለዋል፤ ግድግዳው ላይ የተዘረጋ ስንክሳር ነው ማለት ይቻላል። ጌታ ሰይፍ ይዞ የተሳለበት ሥዕል ፊት ከሁሉም ይልቅ ብዙ ቆየሁ።

የንጉሡ አጽም በመቅደሱ ፊት በእንጨት ሣጥን አርፏል። ታሪኩ መራራ ነው፦ አባቱ ዓይኑ እንዲጠፋ አዘዘ ይባላል፤ ልጁ ዱሻን ደግሞ በ1331 ከዙፋን አወረደው፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት ሞተ። ቤተ ክርስቲያኑን የጨረሰው ያው ልጁ ነው!

በ1999 የኮሶቮ ጦርነት መነኮሳቱ ከሰርብ ኃይሎች የሸሹ አልባኒያውያንን በግቢያቸው አስጠልለዋል። ይህ ግን ከሙግት አላዳናቸውም። የ24 ሄክታር መሬታቸውን ክርክር የኮሶቮ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2016 ቢፈርድላቸውም፣ መሬቱ በስማቸው የተመዘገበው በ2024 ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ሐሙስ ማታን ምረጡ፤ በጸሎቱ ሰዓት የንጉሡ ሣጥን ይከፈታል። ፓስፖርታችሁንም አትርሱ።