የውሻ ዱካ አይቼ «አንበሳ!» ያልኩ ዕለት

ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ስማ እንጂ፣ እናንተ አገር አንበሳ በውሻ ይታደናል የሚሉት እውነት ነው? አንተም አብረህ ወጥተህ ነበር አሉ። ከነጎፈሩ የተነሣኸውን ፎቶ ላክልኝ። እኔም ዲቪ ከደረሰኝ በዚሁ ሙያ ነው የምሰማራው።» ልጁ መርካቶ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል። አይጥ ሲያይ አልጋ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ግን አልሳቅሁበትም። ወሬውን ያስጀመርኩት እኔው ራሴ ነኝና።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። ሀቫና ጎዳና ላይ ወጣ ካልኩ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው፣ ሐሜቱም ሳይቀር አለ። ስለዚህ አሜሪካ መሆኔን የሚያስታውሰኝ ሥራ ቦታዬ ነው። የምሠራው አንድ መጋዘን ውስጥ ሲሆን፣ አብሮኝ ዕቃ የሚጭነው ልጅ አጋዘን አዳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መኸር ላይ ይህ ልጅ በምሳ ሰዓት ከሁሉም ሰው ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ በኖቬምበሩ ምርጫ ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበ አንድ ጥያቄ ነው፤ በኮሎራዶ የተራራ አንበሳ (ፑማም ይሉታል)፣ ቦብካትና ሊንክስ የሚባሉትን የዱር ድመቶች ማደን ይከልከል ወይስ አይከልከል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ዜግነት አግኝቼ የመጀመሪያው የምርጫ ወረቀት በፖስታ ቤቴ ድረስ ሲመጣልኝ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ፖስታውን ከፍቼ ወደ ታች ሳነብ ስለ ድመት ተጠየቅሁ። ስንት ዘመን «ድምፃችን ይሰማ» ብለን፣ በመጨረሻ ድምፄ የተፈለገው ለድመት ሆነ! ጥያቄው በ55 በመቶ ገደማ ተቃውሞ ወደቀ። ካሊፎርኒያ ግን የተራራ አንበሳ አደንን በሕዝብ ድምፅ የከለከለችው ገና እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እኔ ምን ብዬ እንደመረጥኩ ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

እና ያ ልጅ በክርክሩ መሀል ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ከአፍሪካ ነህ። የእናንተ አገር አንበሳ አለ አይደል? ምን ትላለህ?» አለኝ። እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ የማውቃቸው አንበሶች ሦስት ናቸው፦ ስድስት ኪሎ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ያንቀላፋ የነበረው፣ ልጅ ሆኜ ተጋፍቼ የምሳፈርበት አንበሳ አውቶቡስ፣ እና አባቴ ለትንሣኤ የገዛልኝ አንበሳ ጫማ። ከሦስቱ የነከሰኝ ጫማው ብቻ ነው። ይሁንና ጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ አንዳች ነገር ልቤን ነፋው። «አያቴ አንበሳ ገዳይ ነበሩ። ዱካ ማንበብ በቤተሰባችን ያለ ነው» አልኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቤታችን ውስጥ የሚወራ ነው፤ ጎፈሩን ግን ያየ ሰው የለም። ሁለተኛውን እዚያው የፈጠርኩት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለእኔ ነው።

ቁርበቱም ተነጠፈልኝ። ልጁ አዳኝ ውሾች ለሚያረቡ አጎቱ «ዱካ አንባቢ ኢትዮጵያዊ አለ» ብሎ አወራ። ባለፈው ታኅሣሥ፣ በረዶ በጣለ ማግስት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬ ላይ የመኪና ጡሩምባ ነፉ።

አጎትየው ሰባ ያለፋቸው፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በስማቸው እንድጠራቸው ቢነግሩኝም አፌ እምቢ ስላለኝ በልቤ «ጋሼ» ስል ዋልኩ። ከመነሣታቸው በፊት ስልካቸውን አውጥተው አንድ ነገር አረጋገጡ። መንግሥት ለየአካባቢው የሚገደለውን አንበሳ ቁጥር ይወስናል፤ ኮታው ከሞላ ያ አካባቢ ለዚያ ወቅት ይዘጋል። ስለዚህ አዳኝ ጫካ ከመግባቱ በፊት አንበሳ «አልቋል ወይስ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ልኳንዳ ቤት ሽንጥ ስንጠይቅ እንደምንለው ማለት ነው። መንገድ ላይ ቋሊማ ያለበት ዳቦ ሰጡኝ። የነቢያት ጾም ስለሆነ አምባሻዬን አውጥቼ በሻይ በላሁ። ምን እንደምጾም ማስረዳቱ ራሱን የቻለ አንድ ሰዓት ፈጀ።

አደኑ እንደምታስቡት ጠመንጃ ይዞ ጫካ ውስጥ መንከራተት አይደለም። መኪናዋ በጫካ መንገድ ላይ በእግር ፍጥነት ትሄዳለች፤ ሰዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው በባትሪ በረዶውን ያያሉ። ትኩስ በረዶ ማለት አዲስ የተዘረጋ ነጭ ወረቀት ነው። ሌሊት ያለፈ ሁሉ ፈርሞበት ይሄዳል።

አንድ መታጠፊያ ላይ ጋሼ መኪናዋን አቆሙ። ገና ሞተሩ ሳይጠፋ እኔ ዘልዬ ወረድኩ። መቼም አንድ ነገር ማሳየት ነበረብኝ። ከመንገዱ ዳር ትልልቅ ዱካዎች ተሰልፈዋል። ልቤ ዘለለች። በአንድ ጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ጓንቴን አውልቄ፣ በጣቴ ጠርዙን ነካ ነካ አድርጌ (ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም) «አንበሳ ነው! ወንድ ነው! ካለፈ ሁለት ሰዓት አይሞላውም!» አልኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው መጥተው ባትሪያቸውን አጎንብሰው አበሩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደገና ዱካውን አዩ። ከዚያ በትንሿ ጣታቸው ከአራቱ የጣት ምልክቶች ፊት ያሉትን አራት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ነኩልኝ። የጥፍር ምልክት ነው። የዚህ አገር ድመት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ጥፍሩ በረዶ ላይ የሚታተመው ውሻና የውሻ ዘመድ ነው። «ይህ ሮዚ ናት» አሉኝ። ኋላ ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠችው የራሳቸው ውሻ! ትናንት ከሰዓት በኋላ ሽንት ለማሸናት እዚያች ቦታ አውርደዋት ነበር። ቀጥለውም፣ ለመዝለፍ ሳይሆን ከልባቸው ለማወቅ ፈልገው፣ «አፍሪካ ውስጥ ውሾች ጥፍር የላቸውም?» አሉ።

ወገኖቼ፣ በዚህ አገር ብዙ ተዋርጃለሁ። በዲግሪዬ ወለል ጠርጌአለሁ፤ ስሜን አሥር ዓመት ሙሉ አጣመው ጠርተውኛል። እንደዚያች ጥያቄ ያቃጠለኝ የለም። ምክንያቱም መልስ የለኝም። አሉ ብል አላውቅም ነበር ማለት ነው። የሉም ብል አገሬን ውሻ አሳጣኋት።

እውነተኛውን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያው መታጠፊያ ሃምሳ እርምጃ ሳንርቅ። ክብ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ጥፍር የለበትም። የመዳፉ ትራስ ከኋላ በኩል ሦስት ቦታ አበጥ አበጥ ይላል። ስፋቱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህላል። በሩቁ የቦብካት ዱካም አሳዩኝ፤ እሱ ደግሞ የስኒው አፍ ያህላል። ይህን ንጽጽር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለእሳቸው ስኒ ምን እንደሆነ ማስረዳት ስላልቻልኩ ለራሴ ያዝኩት። ቦብካት ጅራቱ ቁራጭ፣ ገላው ነጠብጣብ ያለበት፣ ከቤት ድመት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን አውሬ ነው። እኛ አገር ቢሆን አነር ነው ብለን እናልፈው ነበር።

ውሾቹ ተለቀቁ። ዱካ ሲከተሉ ድምፃቸው እንደ ሙሾ ረዘም ብሎ ይጎተታል። ሸንተረሩን ስንወጣ የመጋዘኑ ልጅ ትንፋሽ አጥሮት ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። እኔ አንዴም አልተቀመጥኩም። በ2,300 ሜትር ላይ ተወልዶ ያደገ ሳንባ በዚያች ቀን ብቸኛው መከበሪያዬ ነበር። እግሬ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በከተማ ጫማ በረዶ መውጣት ምን እንደሆነ ጣቶቼ እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የውሾቹ ድምፅ ተለወጠ፤ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ሆነ። ጋሼ «ዛፍ ላይ ወጣ» አሉ። ይህ አውሬ ለአጭር ርቀት እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ ረጅም ሩጫ ግን አይችልም። ስለዚህ አንገታቸውን በእጁ መስበር የሚችላቸውን ውሾች ሸሽቶ ዛፍ ላይ ይወጣል። ደረስን። ጥድ ላይ፣ ከቅርንጫፍና ከግንዱ መገናኛ ላይ ተቀምጣለች። የደረቀ ሣር ትመስላለች። ጎፈር የላት፣ ግሣት የላት። ረጅም ጅራቷ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ጫፉ ብቻ ይወዛወዛል። ከውሾቹ ሁሉ አልፋ እኔን አየችኝ። አንበሳ ለማለት ምላሴ አልደፍር አለ፤ ድመት ለማለትም ጉልበቴ አልደፈረ።

ጋሼ በመነጽር ከጅራቷ ሥር እያዩ ብዙ ቆዩ። ወንድ ከሆነ እዚያ ጥቁር ነጥብ ይኖረዋል። ለዚህ አደን ትምህርት ተምሮ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው፤ ከትምህርቱ አንዱ ይኸው ነው። ግልገል ያስከተለች እናት መግደል ወንጀል ነው። «ሴት ናት» አሉ። ውሾቹን አሰሩና መውረድ ጀመሩ። ጥይት አልተተኮሰም። አምስት ሰዓት ደክመን አንዲት ሴትዮ ዛፍ ላይ ሰቅለን ተመለስን።

ሰኞ ዕለት መጋዘኑ ሁሉ ሰምቷል። ስሜን አሥር ዓመት መጥራት ያቃታቸው ሰዎች አዲሱን ስሜን በአንድ ቀን አጥርተው ጠሩት፦ «ውሻ አዳኙ»።

እንዲህ ነው ታሪኩ። አንዳንድ ጊዜ ራሴን የማጽናናው በታሪክ ነው። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1901 እዚሁ ኮሎራዶ መጥቶ ከውሾች ጋር የተራራ አንበሳ ሲያድን ከረመ። በ1903 የመጀመሪያው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ አጼ ምኒልክ ለዚሁ ሩዝቬልት አንበሳ በስጦታ ላኩለት። ማስረጃ የለኝም፤ ግን እምዬ «አንበሳ ማለት ይህ ነው» ለማለት የላኩት ይመስለኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ የአክስቴ ልጅ፤ እንዳንተ ለሚያስቡትም ጭምር። ይህ ሙያ አይደለም። ከአስጎብኚ ጋር የሚወጣ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ ነው የሚወጣው፤ ያንን ገንዘብ እኔ ባገኝ የእናቴን ጣሪያ እቀይር ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወረቀታችሁ ሳይስተካከል ጠመንጃ አትያዙ፤ ለፎቶም ቢሆን። የጦር መሣሪያ ሕጉ እንደየሰው የመኖሪያ ፈቃድ ይለያያል፤ አንዲት ፎቶ ስንት ዓመት የለፋችሁበትን ልታበላሽ ትችላለች። እኔ የያዝኩት ቴርሞስ ብቻ ነው። ቆዳውን ላክልኝ የምትሉም ተዉኝ፤ የዱር ድመት ቆዳ ከአገር አገር የሚሻገረው በዓለም አቀፍ ፈቃድ ነው፤ በሻንጣ አይደለም።

ተራራ ሥር ቤት የተከራያችሁ ካላችሁ ግን ይህን ስሙ። በማለዳና በምሽት ልጆችን ብቻቸውን አትልቀቁ። አውሬው ካጋጠማችሁ አትሩጡ፤ ጀርባችሁን አትስጡ። ፊት ለፊት ቁሙ፣ ካፖርታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ግዙፍ ምሰሉ፣ በኃይል ጩኹ፤ ከመጣባችሁም ተፋለሙ። መንግሥት በየመግቢያው በምልክት ሰሌዳ የሚለጥፈው ምክር ይህ ነው። ሳነበው ሣቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ይህ እኮ ፉከራ ነው! ለምድ መነስነስ፣ ዘራፍ ማለት። አባቶቻችን ያለ ሰሌዳ ያውቁት ነበር።

ስንለያይ ጋሼ አንድ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ያለፈው ዓመት አንበሳ ሥጋ ነው። ሕጉ የገደልከው ይበላ ይላል፤ ቆዳውን ገፍፎ ሥጋውን መጣል ያስቀጣል። ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀትም ፈርመው አያያዙበት፤ በአሜሪካ ሥጋም መታወቂያ አለው። ነጭ ነው፤ የአሳማ ይመስላል። «ጾም ላይ ነኝ» አልኳቸው። «እስከ መቼ?» አሉ። «እስከ ጃንዋሪ 7።» «ግድ የለም፣ በረዶ ውስጥ ይቆይሃል» አሉኝ።

ቆየ። ባለቤቴ በሦስት ፌስታል አሥራ፣ ለዶሮ ወጥ ከተገዛችው ዶሮ በተቻለ መጠን አርቃ አስቀመጠችው። እንግዳ እንዳይሳሳት በላዩ ላይ በትልቁ «አንበሳ» ብላ ጽፋበታለች። ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ፣ ጥፍራም፤ አባታችን ቢሰሙ ስንት ስግደት እንደሚያዙን ገምቱ። የሰው ስጦታ መጣል ደግሞ ነውር ነው። በር በከፈትኩ ቁጥር እንተያያለን።

የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላክ እያለ ሲወተውተኝ ዛሬ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ፌስታሉን አንሥቼ ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ፦

«ጎፈሩስ?»