አምፖሉ በርቷል፤ መዛኙንስ ማን መዘነው?

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ አንድ የሙያ ብቃት ምዘና ላይ መዛኝ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ሙያዬ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ማስተማር ነው። የዕለቱ የተግባር ፈተና በእንጨት ሰሌዳ ላይ መስመር ዘርግቶ አንድን አምፖል ከደረጃ ግርጌም ከደረጃ አናትም በሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ማብራትና ማጥፋት ነበር። ከተመዛኞቹ አንዱ፣ ዝምተኛ ልጅ፣ ከሁሉም ቀድሞ «ጨርሻለሁ መምህር» አለኝ። አንደኛውን ማብሪያ ስጫነው አምፖሉ በራ፤ ሌላኛውን ስጫነው ጠፋ። አምፖሉን ነቅዬ ቴስተሬን ወደ መያዣው ሳስገባ ግን፣ ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ የቴስተሩ መብራት ቦግ አለ። ልጁ በማብሪያው በኩል ማለፍ የነበረበትን ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ፣ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ልኮ፣ በማብሪያው ያሳለፈው ኒውትራሉን፣ መላሹን ሽቦ፣ ነበር። እንዲህ የተዘረጋ መስመር ለዓመታት ምንም ሳይጎድልበት ሊያበራ ይችላል፤ አንድ ቀን ግን ማብሪያውን አጥፍቶ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ የወጣ ሰው ይሞትበታል።

ልጁን ያሠለጠነው ባልደረባዬ በዕለቱ መገኘት በማይገባው ቦታ ተገኝቶ ነበር። በሻይ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጦ «አምፖሉ በርቷል አይደል እንዴ ወንድሜ? ልጁ እናቱን ጧሪ ነው» አለኝ፤ ጥቂት ቆይቶም ሳቅ ብሎ «ለመሆኑ በሚቀጥለው ሳምንት ያንተን ልጆች የሚመዝነው ማን መሰለህ?» ሲል ጨመረበት። ማስፈራራት አልነበረም፤ ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ማስታወስ ነበር። ቅጹ ላይ «ብቁ» ብዬ ፈረምኩ።

ይህን የማነሳው ኑዛዜ ለመግባት ብቻ አይደለም። ስለ ትምህርትና ሥልጠና ጥራት ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ መምህሩ፣ ስለ መጽሐፉና ስለ ተማሪው ስንፍና ነው። ምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል እውነት መሆኑን ማን ያረጋግጣል፣ ያ ማረጋገጫ ሰጪስ ለማን ይታዘዛል የሚለው ጥያቄ ከሥር ይቀራል። እኔን በዚያ ቀን የሚያስፈልገኝ የተሻለ ሕሊና ብቻ አልነበረም፤ ፊርማዬን መልሶ የሚመረምር፣ ከእኔም ከባልደረባዬም ጋር ሻይ የማይጠጣ አካልም ያስፈልገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች ይህ አካል እንዴት እንደተቋቋመ ማንበብ ልማዴ ሆኗል።

በእንግሊዝ ተቆጣጣሪው ኦፍኳል ይባላል። ከእርሱ በፊት በ1997 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥርዓተ ትምህርቱንም ያዘጋጅ፣ አገር አቀፍ የተማሪዎች ፈተናንም ያስተዳድር፣ ፈተና ሰጪ ድርጅቶችንም ይቆጣጠር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የኤ-ሌቭል፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ውጤት ያለ አግባብ ዝቅ ተደርጓል የሚል አቤቱታ ተነሥቶ የመሥሪያ ቤቱ ሊቀ መንበር ከኃላፊነት ተነሡ፤ ብዙም ሳይቆዩ የትምህርት ሚኒስትሯ ኤስቴል ሞሪስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በምርመራው ወደ 2,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ውጤት ተሻሻለ። ከተማሪዎቹ ይልቅ የከበደው ግን፣ ውጤቱን የወሰነው ማን እንደሆነ፣ ሚኒስትሯ ይሁኑ ፈተና ሰጪው ወይስ ተቆጣጣሪው፣ አገሩ ሁሉ ለይቶ አለማወቁ ነበር። የመንግሥት ዕቅድ ተሳካ የሚለው ወሬ የሚመነጨው ከማለፊያ ቁጥር በሆነበት አገር፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል «ፈተናው ቀለለ»፣ ዝቅ ሲል «ሆን ተብሎ ነው» መባሉ አይቀርም። ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ እንደሚቋቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ፤ መሥሪያ ቤቱ በ2008 በጊዜያዊነት ሥራ ጀመረ፤ በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ ከሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቶ ተጠሪነቱ ለሚኒስትር ሳይሆን ለፓርላማው ሆነ።

ኦፍኳል ፈተና አያዘጋጅም፣ አያርምም። ፈተናውን የሚያዘጋጁትና ምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፤ እርሱ ዕውቅና ይሰጣቸዋል፣ ደንብ ያወጣላቸዋል፣ ሲያጠፉ ይቀጣቸዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. አንዱ ፈተና ሰጪ በሥነ ጽሑፍ ፈተናው ላይ አንድን ገጸ ባሕርይ የገዛ ቤተሰቡ ጠላት አድርጎ የሚጠይቅ ጥያቄ ስላወጣ በማግሥቱ ዓመት 175,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። እኛ ዘንድ የተሳሳተ ጥያቄ ሲወጣ ለሁሉም ተፈታኝ ነጥቡን መስጠት የተለመደው ማስታገሻ ነው።

ስለ ተቆጣጣሪ ነጻነት ብዙ ያስተማረኝ ግን ጎረቤታቸው የዌልስ ነገር ነው። በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የሚወስዱት የጂሲኤስኢ ፈተና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ውጤት ሲወጣ፣ በጥር ሲ ያሰጥ የነበረ ነጥብ በሰኔ ዲ እንዳሰጠ ታወቀ። በሲና በዲ መካከል ባለው ወሰን ላይ የነበሩት ተማሪዎች አዘኑ፤ ትምህርት ቤቶች ተቆጡ። በእንግሊዝ ኦፍኳል ጉዳዩን መርምሮ ውጤቱ እንዲቀየር አላዘዘም፤ ትምህርት ቤቶች፣ የአካባቢ አስተዳደሮችና ተማሪዎች ተባብረው ፍርድ ቤት ቢያቀርቡትም፣ በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ክሱ ውድቅ ሆነ። በዌልስ ግን ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አልነበረም፤ ተቆጣጣሪው መንግሥቱ ራሱ ነበር። የትምህርት ሚኒስትሩ ሌይተን አንድሩስ ፈተና ሰጪው ድርጅት ውጤቱን እንደገና እንዲያሰላ አዘዙ፤ የ2,386 የዌልስ ተማሪዎች ውጤትም ከፍ አለ። ያንኑ ፈተና ከዚያው ድርጅት ወስደው ያንኑ ነጥብ ያገኙ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዷ በዌልሷ ካርዲፍ ሌላዋ በእንግሊዟ ብሪስቶል ስለሚኖሩ ብቻ፣ አንዷ ሲ ሌላዋ ዲ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ቀሩ ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ልቤ ከዌልሱ ሚኒስትር ጋር ነበር፤ ልጆቹ ተበድለዋል፣ እርሳቸውም በደሉን አስተካክለዋል። ቆይቶ ግን ነገሩ ያንን የሻይ ሰዓት አስታወሰኝ። ሚኒስትሩ የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ ናቸው፤ የማለፊያ ቁጥሩ ሲጨምር የሚመሰገኑት፣ ሲቀንስ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ትእዛዛቸው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ትክክል ስለሆነ ብቻ የተሰጠ መሆኑን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። የእኔም ፊርማ እንዲሁ ነው፤ ልጁ በእርግጥ ብቁ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ከዚያ ሻይ በኋላ የፈረምኩት ፊርማ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

የዌልስን ነገር የማደንቀው ከዚያ ቀጥሎ ስለሆነው ነው። ውዝግቡ ከመነሣቱ በፊት ተጀምሮ የነበረ የምዘና ሥርዓት ግምገማ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ውጤቱን ሲያቀርብ፣ ጉዳዩ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለአንድ ራሱን የቻለ አካል እንዲሰጥ መከረ። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግም ኳሊፊኬሽንስ ዌልስ ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መስከረም ሥራ ጀመረ። ኃላፊነቱ ከዲግሪ በታች ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል፤ የትምህርት ቤት ፈተናውም የሙያ ምስክር ወረቀቱም በአንድ ሚዛን ሥር ገቡ። አስቀድሞ የታሰበው አዲሱ አካል ምስክር ወረቀት ሰጪም ተቆጣጣሪም እንዲሆን ነበር፤ በኋላ ግን በቁጥጥሩ ሥራ ብቻ እንዲጀምር ተደረገ። የ2,386 ልጆችን ውጤት በአንድ ደብዳቤ ያስለወጠ መንግሥት ያንን ሥልጣን በሕግ ከራሱ ላይ ማንሣቱ በየትም አገር ዘወትር የሚታይ ነገር አይደለም።

በሙያ ሥልጠና በኩል ያለው አሠራር ደግሞ ለእኔ ቢጤ አሠልጣኝ ይበልጥ ግልጽ ነው። በእንግሊዝ ብዙውን የተግባር ሥራ የሚመዝነው ኮሌጁ ራሱ ነው፤ አሠልጣኙ የገዛ ተማሪዎቹን ይመዝናል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ከእኛም የባሰ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የአሠልጣኙን ውሳኔ በኮሌጁ ውስጥ ሌላ ባለሙያ ናሙና እየወሰደ ያጣራዋል፤ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ደግሞ ከውጭ አረጋጋጭ ልኮ የተሠራውን ሥራ፣ ፎቶግራፉንና ቅጹን ያስመረምራል፤ ድርጅቱን ራሱን ተቆጣጣሪው ይጠይቀዋል። ሰንሰለቱ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው ብሎ አይነሣም፤ ፊርማ ሁሉ አንድ ቀን ተጎትቶ ሊታይ ይችላል ብሎ ነው የሚነሣው። የተመረመረው ከመቶ አምስት እንኳ ቢሆን፣ ፈራሚው የትኛው አምስት እንደሆነ አያውቅም።

ነጻነት ግን ከስሕተት አያድንም። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት ፈተና ሲቀር ሚኒስትሩ ጋቪን ዊልያምሰን ውጤት በስሌት እንዲሰጥ መመሪያ አወጡ፤ ኦፍኳልም የየትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት መሠረት ያደረገ ቀመር ሠራ። ነሐሴ 13 ቀን እ.ኤ.አ. የኤ-ሌቭል ውጤት ሲወጣ መምህራን ከገመቱት ውጤት 40 ከመቶ ገደማው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ክፉኛ የተጎዱት ደካማ ስም ባላቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ጎበዞች ነበሩ። በአራተኛው ቀን ቀመሩ ተሰረዘ፤ የኦፍኳል ዋና ኃላፊ ሳሊ ኮሊየር በዚያው ወር ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሚኒስትሩ ቆዩ። ለንደን የምትኖረው የእህቴ ልጅ በዚያ ዓመት 16 ዓመቷ ነበር፤ ከጂሲኤስኢው ጎን ለጎን በጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ቢቴክ የተባለውን የሙያ ሥልጠና ወስዳለች። ውጤት በሚወጣበት ዋዜማ ማታ ደውላ «አጎቴ፣ የሌሎቹ ነገ ይወጣል፤ የሙያው ግን ቀርቷል አሉን» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የትምህርት ቤቱ ውጤት ማስተካከያ ሲደረግለት የቢቴኩን ያሰበበት ሰው ስላልነበረ፣ ሰጪው ድርጅት በመጨረሻው ሰዓት ውጤቱን መልሶ ለማየት አገደው። ሙያ ማለት በየአገሩ እንግዳ ከበላ በኋላ የሚታወስ ልጅ ነው።

ወደ እኛ ስመለስ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ መሆናቸው ተነገረን። ፈተናው በ2008 ዓ.ም. ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተበተነና ከተሰረዘ ወዲህ ኩረጃውን ለመግታት ብዙ ተሞክሮ፣ በዚያ ዓመት ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጎ ነበር። ቁጥሩን ያሳወቀው ሚኒስቴር ሥርዓተ ትምህርቱንም የሚቀርጽ ነው፤ ፈተናውን የሚያዘጋጀው አገልግሎትና የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ተጠሪነታቸው ለእርሱው ነው። በራሱ ላይ የሚመሰክር ቁጥር ደፍሮ መናገሩ ክብር ይገባዋል፤ እኔም በወቅቱ አመስግኛለሁ። ነገር ግን ፈተናው ካለፈው ዓመት ከበደ ወይስ ቀለለ፣ 50 ከመቶ ማለት በየዓመቱ አንድ ዓይነት ዕውቀት ማለት ነው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ መልስ የሚሰጠው ይኸው ሚኒስቴር ነው። ዛሬ መራራውን እውነት የሚናገር ሚኒስትር አለ እንበል፤ ነገ የሚመጣው ጣፋጭ ቁጥር ቢወድ የሚከለክለው የተጻፈ ነገር የለም።

በሙያው በኩል መለየቱ ቀድሞ ነበር የታሰበው፤ ሲኦሲ የተባለው የሙያ ብቃት ምዘና የተፈጠረው አሠልጣኙና መዛኙ አንድ እንዳይሆኑ ነው፤ ሐሳቡም እጅግ ጥሩ ነበር። ሆኖም መዛኙ የሚመጣው ከዚያው ከትንሹ የአሠልጣኞች መንደር ነው፤ ዛሬ አንተ ትመዝንልኛለህ፣ ነገ እኔ እመዝንልሃለሁ። ሥልጠናው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ትምህርት ቤቱ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር በመሆኑም፣ የ12ኛ ክፍሉ 3.3 ሲነገር አገር ሲንቀጠቀጥ የብቃት ምዘናው ቁጥር ግን ቡና ላይ ተነሥቶ አያውቅም። አምፖል ሲቀይር የሚሞተው ሰው ግን የሚሞተው በዚህኛው ወረቀት ነው።

ስለዚህ የምመኘው ተቆጣጣሪ የ12ኛ ክፍሉንም የደረጃ 4 ኤሌክትሪሽያኑንም ወረቀት በአንድ ዓይን የሚያይ፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ፣ ኃላፊው በአንድ ሚኒስትር ስልክ የማይነሣና በጀቱ በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በኩል የማያልፍ ነው። አዲስ ሕንጻና አዲስ ማኅተም ከመፈለጉ በፊት ግን መዛኞችን ከሌላ ከተማ እያመጣ በዕጣ ይመድብ፤ ከተፈረሙት ቅጾችም ጥቂቱን በየወሩ እየጎተተ ሰሌዳው ፎቶ ተነሥቶ እንደሆነ፣ በቴስተር ተለክቶ እንደሆነ ይጠይቅ።

ያን ቀን የፈረምኩት ቅጽ ሦስት ቅጂ ነበረው፤ አንዱ እኔ ዘንድ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት አሳየኝ ያለኝ ሰው የለም።