24 ዓሣ በአንድ ግዢ መጠየቂያ

የመሥሪያ ቤታችን የእንግዳ መቀበያ ክፍል እድሳት ሊጠናቀቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ዳይሬክተራችን ከመግቢያው ፊት ለፊት የዓሣ ገንዳ እንዲቀመጥ ፈለጉ። የምሠራው በጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ነው፤ በዚያ ላይ በስብሰባው መሐል «ተማሪ ሳለሁ ዓሣ አረባ ነበር» የሚል ቃል ስላመለጠኝ ሥራው ያለ ክርክር ለእኔ ተሰጠ። ዓሣ ማርባት ካቆምኩ ግን 14 ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ገንዳው መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ፣ 100 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 50 ከፍታ ያለው ነው። ሞልቶ ሲታሰብ 200 ሊትር ውኃ፣ ማለትም ከመስታወቱና ከጠጠሩ ሌላ 200 ኪሎ ግራም ስለሚሸከም፣ የታሰበለትን የእንጨት ጠረጴዛ ትቼ የብረት መቆሚያ አሠራሁ። ለዓመታት ደርቆ የቆየ ሲሊኮን እንደማይታመን አስታውሼም ግቢ ውስጥ ሞልቼ ሁለት ቀን አቆየሁት፤ በሁለተኛው ማለዳ አንደኛው ማዕዘን ሥር ሲሚንቶው ረጥቦ አገኘሁት። አሮጌውን ሲሊኮን በምላጭ ፍቄ አዲስ ቀባሁና የኮምጣጤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። የቧንቧውን ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በበርሜል አሳደርኩ፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ውኃውን እንዳያቀዘቅዘው ማሞቂያውን 25 ዲግሪ ላይ አደረግሁ። ይህን ሁሉ ሳልረሳ በመሥራቴ በራሴ ኮርቼ እንደነበር አልደብቅም።

የረሳሁት ሌላ ነገር ነበር፤ በትክክል ለመናገር ከመጀመሪያውም የማላውቀው ነገር ነበር። በተማሪነቴ ዓሣ የምገዛው ከኪስ ገንዘቤ ቆጥቤ በወር አንድ ወይም ሁለት ነበርና፣ ገንዳው ቀስ በቀስ ከዓሣው ጋር ይላመድ ነበር። አሁን ግን በጀት አለ። የግዢ ባለሙያው ጥያቄዬን አይቶ «ግዢ መከፋፈል ክልክል ነው፤ የምትፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጻፍ» አለኝ፤ እኔም 14 ጉፒና 10 ኒዮን ቴትራ ጻፍሁ። ዓሦቹ በላስቲክ ከረጢት ሲደርሱ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ከወረቀትና ከቀለም ተራ የንብረት ገቢ ደረሰኝ በሆነው ሞዴል 19 ገቢ አደረጓቸው። ሰኞ ዕለት እድሳቱ ሲመረቅ ውኃው እንደ ምንጭ የጠራ ነበር፤ እንግዶቹም ፎቶ ተነሡበት።

ሐሙስ ጠዋት የሌሊት ጥበቃው በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ እነዚህ ዓሦችህ አየር ያጠራቸው ይመስለኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ አፋቸውን ውኃው ላይ ሲያላውሱ ነው ያደሩት» አሉኝ። ገብቼ ሳይ ሦስት ኒዮን ቴትራ የማጣሪያው ውኃ መሳቢያ ላይ ተለጥፈዋል፤ የቀሩትም የውኃው ገጽ ላይ ተኮልኩለው ጉንጫቸው በፍጥነት ይርገበገባል። እኔ ደግሞ ከመጠን በላይ አስቤ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው ብዬ ሁለተኛ የአየር ፓምፕ ጨመርሁ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ችግሩ ግን እሱ አልነበረም።

ዓሣውን የሸጠልን ሰው መመርመሪያውን ይዞ መጣና ከገንዳው ውኃ ቀድቶ በትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ጠብታዎቹን ጨመረባት። ቢጫ ሆኖ መቅረት የነበረበት ውኃ ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነ፤ አሞኒያ ነው። ዓሣ ይህን አሞኒያ በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል፤ በቆየ ገንዳ ውስጥ አንዱ የባክቴሪያ ወገን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ በበቂ መጠን ለመራባት ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። የእኛ ስፖንጅ ገና ከማሸጊያው የወጣ ነጭ ስፖንጅ ነበር። የጠራ ውኃ ስላየሁ ብቻ ዝግጁ ነው ብዬ ነበር።

ምግብ አቆምሁ፤ በርሜል ውስጥ ካደረው ውኃ ሙቀቱን እያስተካከልሁ በየማለዳው ግማሹን ቀየርሁ። ሻጩም ከራሱ አሮጌ ማጣሪያ ቡኒ ሆኖ የሚያዳልጥ ግማሽ ስፖንጅ ቆርጦ፣ ከነውኃው በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝና ጭኔ ላይ አስቀምጬ በታክሲ አመጣሁት። የጽዳት ሠራተኛችን አይታው «ይህን ጉድ ልጠብልህ» ብላ ወደ ቧንቧው ይዛው ስትሄድ በሩጫ ነው የደረስሁባት። ክሎሪን ቢነካው ኖሮ በላዩ ያለው ባክቴሪያ ሞቶ ያን ሁሉ መንገድ የተሸከምሁት ለከንቱ ነበር። መመርመሪያው በአሞኒያም በናይትራይትም ዜሮ ያሳየው ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲሆን፣ እስከዚያ ስምንት ኒዮን ቴትራና አንድ ጉፒ ሞተዋል።

የሞቱትን ከመዝገብ ለመሰረዝ ቃለ ጉባኤ ያስፈልግ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ «በበሽታ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አድሬ ሳስበው ግን ዓሦቹ እንዳልታመሙ ስለማውቅ ቀደድሁትና «ማጣሪያው ባክቴሪያ ሳያፈራ ዓሣ በብዛት በመግባቱ» ብዬ፣ ጥያቄውን ያቀረብሁትም እኔ መሆኔን ጨምሬ ፈረምሁ። በሞቱት ኒዮን ቴትራዎች ምትክ ሌላ ለመግዛት ስሄድ የግዢ ባለሙያውን በአንድ ውል ሆኖ ርክክቡ በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ መሆን ይችል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ለምን አይቻልም? ይህ መከፋፈል አይደለም እኮ» አለኝና ወዲያው አስተካከለው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የወሰደብኝ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ መዝገባቸውን ይዘው ገንዳው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። በካርዳቸው ላይ ያሉት ጉፒዎች 13 ሲሆኑ፣ በሣሩ መሐል የሚርመሰመሱትን ጥቃቅኖች ሳይጨምሩ እንኳ ቁጥሩ አልገጥም ብሏቸዋል። ጉፒ እንቁላል የማይጥል፣ ግልገሎቹን ሕያው የሚወልድ ዓሣ መሆኑን ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና፣ «እሺ፣ በሞዴል 19 ላይ አቅራቢው ማን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።