በፑኡሎአ አለት ላይ የተፈለጉት ከዋክብት

በምሠራበት የሥነ ፈለክ መጽሔት ስለ ጥንታውያን የፖሊኔዥያ ባሕረኞች ልዩ እትም ስናዘጋጅ፣ አንድ ወጣት ባልደረባችን በሃዋይ የእሳተ ገሞራ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው የፑኡሎአ አለት ላይ የተፈለፈሉ ቅርጾችን ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ጥቂት ጉድጓዶችን በቀይ መስመር አያይዞ ፕሌያዲስ ከሚባለው የሰባቱ ከዋክብት ዘለላ ጋር አመሳስሏቸው፣ ከሥሩ «ጥንታዊ የሰማይ ካርታ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም። ሃዋያውያን ይህን ዘለላ ማካሊኢ ይሉታል፤ በኅዳር ወር ገደማ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ብቅ ማለቱም ጦርነት የሚከለከልበትን የማካሂኪን ወቅት ያበስር ነበር።

የምስል ክፍል ኃላፊያችን ግን ቀይ መስመር የሌለበትን ፎቶግራፍ አስመጥተው፣ እዚያው ፊቱ ከቀሩት ጉድጓዶች መካከል እየመረጡ በመጀመሪያ ደቡብ መስቀልን፣ ቀጥሎም የኦሪዮንን መቀነት አወጡለት።

«አየህ ልጄ፣ ነጥቡ ሲበዛ የፈለግኸውን ኮከብ ታገኛለህ» አሉት።

«እንዲህማ ከሆነ ጋሼ፣ ስለ የትኛውም አለት ምንም ማለት አንችልም ማለት ነው?»

«እንችላለን፤ ግን አስቀድመህ የአገሩ ሰው ምን አለ ብለህ ጠይቅ።»

በፑኡሎአ ከ23,000 በላይ ቅርጾች ሲኖሩ፣ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ናቸው። ማርታ ቤክዊዝ የተባለችው የባህል ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1914 ከነዋሪዎች እንደ መዘገበችው፣ ወላጆች ጉድጓዱን ፈልፍለው የተወለደውን ሕፃን እትብት የሚያኖሩበት ዕድሜው እንዲረዝም ተመኝተው ነው። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የሰማይ ካርታ የማያንስ ታላቅ ነገር ነው፤ በቀይ መስመር ብንሸፍነው ኖሮ የእነዚያን ወላጆች ምኞት ከአንባቢ በሰወርን ነበር።

ለወጣቱ ጥያቄ የተሻለውን መልስ ያገኘነው የፋሲካ ደሴት ተብላ ከምትታወቀው ሌላዋ የፖሊኔዥያ ደሴት፣ ከራፓ ኑይ ነው። በ1914 እና በ1915 በደሴቲቱ ጥናት ያካሄደችው ካትሪን ራውትሌጅ፣ ነዋሪዎቹ ከዋክብትን የማያ አለት የሚሉትን ስፍራና በአቅራቢያውም የከዋክብት ካርታ ነው የተባለ ባለጉድጓድ አለት መዝግባለች። ይህም ቢሆን የትኛው ጉድጓድ የትኛውን ኮከብ እንደሚወክል አያረጋግጥም፤ ሆኖም ግምቱ ከእኛ ጠረጴዛ ሳይሆን ከደሴቲቱ ሰዎች አንደበት የተነሣ ነው።

ወጣቱ መግለጫውን በራሱ እጅ እንደገና ጻፈው፤ የፑኡሎአ ፎቶግራፍም ያለ መስመር፣ ከእትብቱ ታሪክ ጋር ታተመ። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ማንኛውም ከከዋክብት ጋር የተመሳሰለ የአለት ቅርጽ ሲቀርብ፣ ያልተመረጡት ጉድጓዶች ጭምር የሚታዩበት ሙሉ ፎቶግራፍ አብሮ እንዲቀርብ ይጠየቃል።